ቁስሉ ለምን ይቆጣል? ስለ ብግነትና ስለ ቫይረስ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በሐዋሳ የሚማሩ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰባሰቡ ያነባሉ። እኔም በላቦራቶሪ ሙያ ብዙ ዓመት የሠራሁ፣ አሁን ደግሞ የማስተምር በመሆኔ ከስብስቡ አባላት አንዱ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ፈተናው ስለተቃረበ፣ እያንዳንዱ የከበደውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ስሙን ሳይጽፍ እንዲያስገባ ተስማማን፤ አንድ የጫማ ካርቶን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ወረቀቶቹን ሳገላብጥ የብዙዎቹ ሥር አንድ ሆኖ አገኘሁት፦ በሕመምተኛው ላይ የምናየው ነገር የጀርሙ ሥራ ነው ወይስ የገዛ ሰውነቱ ሥራ? መልሶቼን ስጽፍም ይህንኑ ጥያቄ ከፊቴ አልለየሁትም። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌአለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ብግነትና ኢንፌክሽን አንድ ናቸው? በመጽሐፍ ላይ ተለያይተው ቢጻፉም በሥራ ላይ ሁሉም ሰው አቀላቅሎ ነው የሚናገረው።

አንድ አይደሉም፤ ይህን ለይቶ ያልያዘ ተማሪ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይምታታበታል። ኢንፌክሽን ማለት ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ፈንገስ ወይም ጥገኛ ተውሳክ ወደ ሰውነት ገብቶ መራባቱ ነው። ብግነት ግን ሰውነት ለደረሰበት ጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ጉዳቱን ያደረሰው ጀርም ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። የፈላ ውኃ የፈሰሰበት እጅ፣ ኳስ ሲጫወት የዞረ ቁርጭምጭሚት፣ ሪህ የያዘው የእግር አውራ ጣት ሁሉም ይቀላሉ፣ ያብጣሉ፣ ይግላሉ፤ ጀርም ግን የለባቸውም። በአንጻሩ በጨቅላነቱ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ የያዘው ልጅ በደሙ ውስጥ እጅግ ብዙ ቫይረስ ተሸክሞ ጉበቱ ለዓመታት ሳይቆጣ ሊኖር ይችላል። እናቶቻችን «ቁስሉ ተቆጣ» ሲሉ ነገሩን በትክክል አግኝተውታል፤ መቆጣት የሚችለው ባለቤቱ ነውና፣ የሚቆጣውም የገባው ጀርም ሳይሆን ሰውነቱ ነው።

ጥያቄ፦ አምስቱን የብግነት ምልክቶች በቃል ይዣቸዋለሁ፤ ግን ከምን እንደሚመጡና በምን ቅደም ተከተል እንደሚታዩ ሲጠይቁኝ ይጠፋብኛል።

በቃል መያዝ ብቻውን ስለማይበቃ አንድ ጣት ይዘን እንከታተል። በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዳችሁ ዓሣ የሚበልቱትን ወጣቶች አይታችሁ ይሆናል። አንዱ የቆሮሶውን ቅርፊት ሲያነሣ የጀርባው እሾህ አውራ ጣቱ ላይ ይሰካበታል፤ እሾሁን ይነቅላል፣ ጣቱን በሐይቁ ውኃ ለቅለቅ ያደርገዋል፣ ሥራውንም ይቀጥላል። በዚያ ጣት ውስጥ ግን ብዙ ነገር ተጀምሯል።

በቆዳው ሥር ተቀምጠው የሚጠብቁ ማስት ሴሎች በተነኩበት ቅጽበት ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቅቃሉ። ሂስታሚን ደም የሚያመጡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ወደ ጣቱ የሚገባው ደም ስለሚበዛ ቆዳው ይቀላል፣ ያ ደም የመጣው ሞቃት ከሆነው የሰውነት ክፍል ስለሆነም ጣቱ ይግላል። ቀጥሎ ደሙን የሚመልሱት ትንንሾቹ ደም መላሾች ግድግዳ ላይ ያሉ ሕዋሳት ይኮማተሩና በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያ ክፍተት ፕሮቲን ያዘለ ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይወጣል፤ እብጠቱ ይህ ነው። ሕመሙ ደግሞ ፈሳሹ ከሚፈጥረው ግፊትና ብራዲካይኒን የተባለው ንጥረ ነገር የነርቭ ጫፎችን ከመንካቱ የሚመጣ ሲሆን፣ ፕሮስታግላንዲን የተባለው ሌላ ንጥረ ነገር ነርቮቹን ይበልጥ ስሜተኛ ያደርጋቸዋል። ልጁ ማታ ቢላዋ መጨበጥ ሲያቅተው አምስተኛው ምልክት፣ የሥራ መታጎል፣ ተጨመረ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን አራቱን ሮማዊው ሴልሰስ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ጽፏቸዋል፤ ምክንያታቸው እስኪታወቅ ግን ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል።

በሰዓታት ውስጥ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ። ፈሳሹ ሲወጣ ደሙ ስለሚወፍርና ስለሚዘገይ ከነጮቹ ሕዋሳት ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊሎች ከመካከሉ ወደ ዳር ይገፋሉ። በዚያም ሴሌክቲን የሚባሉት ፕሮቲኖች እየያዙ እየለቀቁ ያንከባልሏቸዋል፤ ኢንቴግሪኖች ሲይዟቸው ይቆማሉ፤ ከዚያም በሕዋሳቱ መካከል ሾልከው ይወጣሉ። የሐዋሳን ባጃጅ አስቡት፤ «ወራጅ አለ» ሲባል ከመንገዱ መካከል ወጥቶ፣ ጥጉን ይዞ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚቆመው እንጂ ባለበት አይቆምም። ሴሌክቲን የሚያዘገየው፣ ኢንቴግሪን የሚያቆመው መሆኑን በዚህ ያዙት፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያገላብጡት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን በብዛት የሚገኙት ኒውትሮፊሎች ናቸው፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀርምንና የሞተ ሕዋስን የሚውጡ ማክሮፋጆች የተባሉ ትላልቅ ሕዋሳት ይተኳቸዋል፣ የሞተውንም ይጠርጋሉ።

ይህን የመብላት ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. በጣልያን ሜሲና ከተማ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ እሾህ ሰክቶ አሳደረው፤ በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አገኘ። በ1908 እ.ኤ.አ. ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የእርሱ እሾህና የዓሣው እሾህ የሚያሳዩት ነገር አንድ ነው።

ጥያቄ፦ መግል ምንድን ነው?

የሞቱና በመሞት ላይ ያሉ ኒውትሮፊሎች፣ የሟሟ ሥጋ፣ ፈሳሽና ባክቴሪያ ድብልቅ ነው። አረንጓዴ መልኩ የሚመጣው ኒውትሮፊሎች ከያዙት ማየሎፐሮክሲዴዝ ከሚባል ኢንዛይም ነው።

ጥያቄ፦ እግሬ ላይ ቁስል ሲወጣ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት የሚያብጠው ለምንድን ነው?

ከእግር ሥጋ ተሰብስቦ የሚመለሰው ፈሳሽ፣ ሊምፍ፣ በብሽሽት ባሉ ዕጢዎች በኩል ስለሚያልፍ ነው። ከቁስሉ የተነሡ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የጀርሙን ቁራሽ ይዘው ወደ ዕጢው ይሄዳሉ፤ እዚያ ያን ቁራሽ የሚያውቁ ሊምፎሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት መባዛት ይጀምራሉ። ስለዚህ ንፍፊት አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ሥራ ላይ የመሆኑ ምልክት ነው። ሳያምም የሚያድግ፣ የጠጠረና ከሥጋው ጋር የተጣበቀ ዕጢ ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ መመርመር አለበት።

ጥያቄ፦ ሥር የሰደደ ብግነት ከአጣዳፊው የሚለየው በጊዜ ብቻ ነው? ደግሞስ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሳንባው የሚብስበት ለምንድን ነው? በተግባር ልምምድ ላይ አይቼ ግራ ገባኝ።

ሁለቱን ያጣመርኋቸው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስለሚያስረዳ ነው። ልዩነቱ የጊዜ ብቻ አይደለም። በአጣዳፊው ብግነት ዋናዎቹ ኒውትሮፊልና ፈሳሽ ናቸው፤ ሥር በሰደደው ደግሞ ማክሮፋጅ፣ ሊምፎሳይትና አንቲቦዲ የሚያመርተው ፕላዝማ ሴል ናቸው፤ ማፍረሱና መጠገኑም ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ጠባሳ ይተርፋል። የሳንባ ነቀርሳን ውሰዱ። ማክሮፋጁ ባክቴሪያውን ይውጠዋል፣ ነገር ግን ሊገድለው አይችልም። ስለዚህ ሲዲ4 የሚባሉት ሊምፎሳይቶች ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ መልእክተኛ ንጥረ ነገር እየላኩ ማክሮፋጆቹን ያበረታሉ፤ እነርሱም ተሰብስበውና ተያይዘው፣ አንዳንዶቹም ላንግሃንስ የሚባሉ ባለ ብዙ ኒውክለስ ግዙፍ ሕዋሳት ሆነው፣ ግራኑሎማ የተባለውን ቅጥር ይሠራሉ። በመካከሉ ያለው ሥጋ ሞቶ እንደ አይብ ይፈረፈራል። ባክቴሪያው አልሞተም፤ ታጥሯል።

ኤችአይቪ የሚገድለው እነዚያኑ ሲዲ4 ሕዋሳት ስለሆነ ቅጥሩ ይላላል፣ ባክቴሪያውም ይበተናል። የሚገርመው፣ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሳንባው ላይ ብዙ ነቀርሳ እያለበት ራጁ ብዙም የማያሳይ መሆኑ ነው፤ በራጅ የሚታየውን የሳንባ ቀዳዳ የሚፈጥረው በአብዛኛው የመከላከያው ምላሽ ነበርና። አሁን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲጀምር ሲዲ4 ሕዋሳቱ ይመለሳሉ፤ ተመልሰውም ያገኙት በጀርም የተሞላ ሳንባ ነው። ትኩሳቱ ይነሣል፣ ዕጢዎቹ ያብጣሉ፣ ሳሉ ይብሳል። መከላከያው ሲያገግም የሚነሣውን ይህን ብግነት በምኅጻረ ቃል ኢሪስ እንለዋለን። ያየሽው ሕመምተኛ የባሰበት መከላከያው በማገገሙ ሊሆን ይችላል፤ በእርግጥ መድኃኒቱን የተላመደ ነቀርሳ ወይም ሌላ በሽታ አለመሆኑ መጣራት ይኖርበታል። ሕመምተኛው «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው» ብሎ እንዳያቋርጥ አስቀድሞ መንገር ደግሞ የእናንተ ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦ ቫይረስ ሕይወት ያለው ነው ወይስ የሌለው? ሁለት መምህራን ሁለት ዓይነት ነገር ነገሩኝ።

ሁለቱም አልተሳሳቱም። ቫይረስ ከሕዋስ ውጭ ሳለ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይራባም፤ በፕሮቲን የተጠቀለለ ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ ነው። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን ሕዋሱን የራሱ ፋብሪካ ያደርገዋል። በ1892 እ.ኤ.አ. ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ ውስጥ ካለፈ በኋላም በሽታውን እንደሚያስተላልፍ አሳየ፤ በ1898 እ.ኤ.አ. ማርቲነስ ቤየሪንክ ይህ አዲስ ዓይነት ነገር መሆኑን ተናገረ። በ1935 እ.ኤ.አ. ዌንደል ስታንሊ ያንኑ ቫይረስ እንደ ጨው ክሪስታል አደረገው፤ ከዚያ በኋላም በሽታ ማስተላለፉን ቀጠለ። እንደ ጨው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ቅጠል ሲያገኝ የሚራባን ነገር ሕያው ወይም ሙት ብሎ መፈረጅ ለፈተና ያን ያህል አይጠቅምም። የሚጠቅመው መጠኑ ነው፦ የፖሊዮ ቫይረስ 30 ናኖሜትር፣ ኤችአይቪ ከ100 እስከ 120 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የእኛ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 ናኖሜትር በታች ያለውን ለይቶ አያሳይም። ለዚህ ነው በላቦራቶሪያችን ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን አሻራውን፣ ማለትም የራሱን ፕሮቲን (አንቲጅኑን)፣ ሰውነት ያመረተበትን መከላከያ ፕሮቲን (አንቲቦዲውን) ወይም የዘር ኮዱን የምንፈልገው።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉንፋን በያዘን ቁጥር አሞክሳሲሊን ትገዛለች። አይሠራም ብላትም «ባለፈው አሽሎሃል» ትለኛለች። ምን ልበላት?

አሞክሳሲሊን የሚሠራው ባክቴሪያ የሕዋሱን ግድግዳ እንዳይገነባ በመከልከል ነው። ቫይረስ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚነካው ነገር አያገኝም። ባለፈው የተሻለህ ጉንፋን በሳምንትና በዐሥር ቀን ውስጥ በራሱ ስለሚለቅ ነው። ለእናትህ ግን በክርክር አትቅረብ፤ መድኃኒቱ በአንጀት ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ እንደሚገድልና የቀረውን መላመድ እንደሚያስተምረው፣ አንድ ቀን በእርግጥ የሳንባ ምች ቢይዛት ላይሠራላት እንደሚችል በእርጋታ ንገራት። እናት የምትገዛው ልጇን ስለምትወድ ነውና ያንን ፍቅር አክብረህ ጀምር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለቫይረስ መድኃኒት መሥራት ለምን ከበደ?

ቫይረሱ የሚጠቀመው በእኛው ሕዋስ መሣሪያ ስለሆነ፣ እርሱን ስንመታ ራሳችንን እንዳንመታ ነው። ሄርፒስ ለሚባለው ቫይረስ የሚሰጠውን የአሲክሎቪርን ብልሃት ተመልከቱ፤ መድኃኒቱ ሲዋጥ ሥራ ፈት ነው፣ የሚነቃው በሄርፒስ ቫይረስ ቲሚዲን ካይኔዝ በተባለ ኢንዛይም ነው። ቫይረሱ በሌለበት ሕዋስ ውስጥ ብዙ ሳይነቃ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ሲይዘን መላ አካላታችንን የሚቆረጥመን ቫይረሱ ጡንቻ ውስጥ ስለሚገባ ነው?

አይደለም። ጉንፋን ከሚያስይዙት ብዙውን ድርሻ የያዘው ራይኖቫይረስ ከአፍንጫና ከጉሮሮ አካባቢ ብዙም አይርቅም፤ የአፍንጫን ሽፋን እንኳ የሚያፈርሰው በጥቂቱ ነው። ንፍጡን፣ ማስነጠሱንና መቆርጠሙን የሚያመጣው የእኛው ምላሽ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን በቫይረስ የተነካ ሕዋስ ጎረቤቶቹን የሚያስጠነቅቅ ንጥረ ነገር እንደሚለቅ ደርሰውበት ኢንተርፌሮን አሉት። በኋላም ይህ ንጥረ ነገር መድኃኒት ሆኖ ለጉበት ሕመምተኞች በመርፌ ሲሰጥ፣ ምንም ጉንፋን ሳይኖርባቸው ብርድ ብርድ አላቸው፣ ትኩሳት ያዛቸው፣ መገጣጠሚያቸውን ቆረጠማቸው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ጥያቄ፦ በነርስነት እየሠራሁ በማታው ክፍለ ጊዜ የምማር ነኝ። ትኩሳትም ብግነትም መከላከያ ከሆኑ፣ ማስታገሻ መስጠታችን ስሕተት አይሆንም?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከሥራ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። መጀመሪያ ትኩሳት እንዴት እንደሚነሣ እንይ፤ ማክሮፋጆች የሚለቅቋቸው ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ቲኤንኤፍ የተባሉት መልእክተኞች በአንጎል ሥር ባለው ሃይፖታላመስ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 እንዲመረት ያደርጋሉ፤ እርሱም የሙቀቱን ልክ ከፍ አድርጎ ያስተካክለዋል። ሰውየው 38 ዲግሪ እየሞቀው በጋቢ ተጠቅልሎ የሚንቀጠቀጠው፣ አንጎሉ 39 ነው የሚፈለገው ስላለ ነው። አስፒሪን ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት እንደሚከለክል ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ ለዚህም በ1982 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ጨጓራን የሚጎዱትም የጨጓራን ሽፋን የሚጠብቀውን ፕሮስታግላንዲን አብረው ስለሚቀንሱ ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳትንና ሕመምን ያስታግሳል፣ ያበጠ መገጣጠሚያን ግን እምብዛም አያጎድልም።

ቁጥሩን ለማውረድ ብቻ ብለሽ ስጪ አልልም፤ የታመመ ሰው እንዲያርፍ፣ እንዲጠጣ፣ እንዲተኛ ብለሽ ስጪ እላለሁ። በቫይረስ ለታመመ ሕፃን ግን አስፒሪን አይሰጥም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳውን የሬይ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ብግነትን ከሥሩ ስለሚያፍኑት ስቴሮይዶች ደግሞ የኮቪድ ዘመን ያስተማረን አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በተደረገ ትልቅ ጥናት በቀን 6 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ባሉት ዘንድ ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ በሚወስዱት ዘንድ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ጥቅም አላሳየም። መድኃኒቱ አንድ፣ ቫይረሱ አንድ፤ የተለየው በዚያ ሰዓት ሕመምተኛውን የሚጎዳው ማን እንደሆነ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መከላከያው ቫይረሱን ለመቆጣጠር ያስፈልጋል፤ በኋላ ሳንባውን በፈሳሽ የሚሞላው ያው መከላከያ ነው። ስለዚህ ስቴሮይድ ስትሰጪም ሆነ ስትከለክዪ መጠየቅ ያለብሽ ሕመምተኛው አሁን የትኛው ደረጃ ላይ ነው የሚለውን ነው።

ጥያቄ፦ ምች ምንድን ነው? አያቴ ዳማከሴ አሽተው ይቀቡልን ነበር። አልማዝ ባለጭራስ?

ሕዝባችን ምች የሚለው ከአንድ በላይ ነገር ነው፤ በከንፈር ዙሪያ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባለው ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በልጅነት ይገባና በፊት ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተኝቶ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲቀሰቅሰው በነርቩ ወርዶ ከንፈር ላይ ይወጣል። አያትህ «ፀሐይ ላይ ውለህ ምች መታህ» ሲሉ ቀስቃሹን በትክክል አይተዋል፤ ያላዩት ቫይረሱ ከዓመታት በፊት የገባ መሆኑን ነው። ቁስሉ በሳምንት ከምናምን በራሱ ይድናል።

አልማዝ ባለጭራ ደግሞ በልጅነት ጉድፍ ያስወጣው ቫይረስ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲቀሰቀስ የሚመጣ ነው። በአከርካሪ አጠገብ ባለ አንድ ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተኝቶ ስለነበር የሚወጣው ያ ነርቭ በሚያዳርሰው ቆዳ ላይ ብቻ ነው፤ ከሰውነት አንድ ጎን ላይ እንደ ቀበቶ ተስቦ መካከሉ ላይ ይቆማል። ነርቩ ራሱ ስለሚበግን ሕመሙ ሽፍታው ከጠፋ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በወጣት ላይ ሲታይ የኤችአይቪ ምርመራ መጠቆም ተገቢ ነው፤ ወደ ዓይን ከቀረበ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት።

ጥያቄ፦ በሲቢሲ (በደም ሕዋሳት ቆጠራ) ውጤት ብቻ ቫይረስና ባክቴሪያን መለየት ይቻላል?

ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ነጭ የደም ሕዋስ በማይክሮሊትር ከ4,000 እስከ 11,000 ይጠበቃል፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ኒውትሮፊል ከበዛና ያልበሰሉት ከታዩ ባክቴሪያ እንጠረጥራለን፣ ሊምፎሳይት ከበዛ ቫይረስ እንጠረጥራለን። ነገር ግን ታይፎይድ ባክቴሪያ ሆኖ ቁጥሩን ያወርዳል፣ ኩፍኝ ቫይረስ ሆኖ ሊምፎሳይትን ያሳንሳል። ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ስላይዱን ቀብታችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ቢጫ ወባ ከወባ ዓይነቶች አንዱ ነው?

አይደለም፤ ስሙ ያሳስታል። ወባ ጥገኛ ተውሳክ ነው፣ ቢጫ ወባ ግን ኤደስ በምትባል ትንኝ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሣው ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ክትባቱ ግን አንድ ጊዜ ተወስዶ ለብዙ ዘመን የሚጠብቅ ነው።

ጥያቄ፦ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ጉበትን የሚያጠፋው እንዴት ነው? መርፌ የወጋን እንደሆነስ?

ቫይረሱ የጉበት ሕዋስ ውስጥ ይራባል እንጂ በቀጥታ አይገድለውም። የሚገድሉት የተበከለውን ሕዋስ የሚለዩት የእኛው ገዳይ ሊምፎሳይቶች ናቸው። ዐዋቂ ሰው ሲያዝ ምላሹ ኃይለኛ ስለሆነ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ የወፍ በሽታ ያዘው ይባላል፣ ብዙውን ጊዜም ቫይረሱን ያስወግዳል፤ ሥር የሚሰድበት ከመቶ 5 አይሞላም። ከእናቱ የተያዘ ጨቅላ ግን መከላከያው ስለማይቆጣ ምንም ሳይታይበት ከመቶ 90 ያህሉ ሥር ይሰድበታል፤ ከዐሥርተ ዓመታት በኋላም የጉበት መጠጠር ወይም ካንሰር ይዞ ሊመጣ ይችላል። የባሰ የታመመ የሚመስለው የተሻለው ዕድል ያለው ነው።

ስለ መርፌው ከራሴ ልንገራችሁ። በተለማማጅነት ዘመኔ ደም ከቀዳሁ በኋላ የመርፌውን ክዳን መልሼ ልከድን ስል የግራ እጄን አመልካች ጣት ወጋሁ። ጓንቱ ላይ የታየው ቀዳዳ ከነጥብ አይበልጥም ነበር፤ ጓንቱን ሳወልቅ ግን አንዲት የደም ጠብታ በጣቴ ጫፍ ላይ እየከበበች ወጣች። በቧንቧው ሥር ቆሜ በሳሙና ሳጥብ ክትባቱን አለመውሰዴን አስታወስሁ። የሕመምተኛው ምርመራ ከሄፓታይተስ ቢ፣ ከሄፓታይተስ ሲና ከኤችአይቪ ነጻ ሆኖ እስኪመጣ ድረስ ያለፈውን ሌሊት አልረሳውም። ክትባት ያልወሰደ ሰው ቫይረሱ ካለበት ደም በመርፌ ሲወጋ ሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ ከ6 እስከ 30 ሲሆን፣ የሄፓታይተስ ሲ ከመቶ 2 ያህል፣ የኤችአይቪ ከሺሕ 3 ነው። ሁላችንም የምንፈራው የመጨረሻውን ነው፤ ልንፈራው የሚገባው የመጀመሪያውን ነበር። ስለዚህ ወደ ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት ሦስቱን የክትባት ዙር ጨርሱ፣ መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ። ከተወጋችሁ በሳሙናና በውኃ እጠቡ፣ ቁስሉን አትጭመቁ፣ ወዲያውኑ አሳውቁ፤ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ ነው።

ጥያቄ፦ አልኮል ካለ ሳሙና ለምን ያስፈልጋል?

የስብ ሽፋን ያላቸው እንደ ኮሮና፣ ኢንፍሉዌንዛና ኤችአይቪ ያሉ ቫይረሶች በሳሙናም፣ ቢያንስ ከመቶ 60 በሆነ አልኮልም ሽፋናቸው ይፈርሳል። ሽፋን የሌላቸው እንደ ኖሮቫይረስና ሄፓታይተስ ኤ ያሉት ግን አልኮልን ይቋቋማሉ፤ እነርሱን ታጥቦ ማስወገድ ነው። ተቅማጥ ያለበትን ሕፃን ከነካችሁ አልኮሉን ትታችሁ ወደ ቧንቧው ሂዱ።

ጥያቄ፦ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከዳነ በኋላ ለወራት የሚታመመው ለምንድን ነው?

የኩፍኝ ቫይረስ የሚገባባቸው ሕዋሳት ሰውነት ያለፉትን በሽታዎች የሚያስታውስባቸው ሊምፎሳይቶች ናቸው። እነርሱን ሲገድል ልጁ ቀድሞ የተማረውን መከላከያ በከፊል ይረሳል፤ ስለዚህ የሳንባ ምችና ተቅማጥ ይፈራረቁበታል። ሽፍታው ራሱ የመከላከያው ምላሽ ነው፤ መከላከያው እጅግ የደከመ ልጅ ሽፍታ ሳይወጣበት በኩፍኝ ሊሞት ይችላል። አንድ የታመመ ልጅ ክትባት ከሌላቸው መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ስለሚችል የ9 ወሩም የ15 ወሩም ክትባት ሊዘለል አይገባም።

ጥያቄ፦ የጎረቤታችንን ልጅ ውሻ ከነከሰው ሳምንት ሆኖታል። ቁስሉ ደርቋል፣ አላበጠም፣ አልቀላምም። አሁን ክትባት ቢጀምር ዘግይቷል?

ይህን ወረቀት ሳነብ ከሌሎቹ አስቀድሜ የጻፈውን ሰው ፈልጌ አነጋግሬዋለሁ፤ መልሱ ለሁላችሁም ስለሚጠቅም እዚህ አኖርሁት። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከቁስሉ ወደ ነርቭ ይገባና በነርቩ ውስጥ ተደብቆ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ በዚያ ጉዞ ሁሉ መከላከያው አያየውም፣ ስለዚህም አይቆጣም። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር የሚወስደው ለዚህ ነው፤ ከተነከሰ በኋላ የሚሰጥ ክትባት ሊሠራ የሚችለውም በዚህ ጊዜ ውስጥ አንቲቦዲ አዘጋጅቶ ስለሚቀድመው ነው። ምልክቱ ከታየ ግን ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በንክሻው ሰዓት ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ማጠብ ያስፈልግ ነበር፤ አሁንም ይታጠብ። የቁስሉ መድረቅና አለመቆጣት ስለ ቫይረሱ ምንም አይነግረንም። ልጁ ምልክት እስካላሳየ ድረስ ሳምንት ቢያልፍም አልዘገየም፤ ነገ ሳይባል ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፣ ውሻውም በሕይወት ካለ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ።